ጋቢህን ግለጥላት

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

 

ትናንት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ሲጮኽ ደንግጬ ነበር። በእኔ ዕድሜ በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ ብዙ ጊዜ መርዶ ነው። አንተ ግን «ጋሼ፣ ሴት ልጅ ናት፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው» አልህ። ጥቂት ዝም ብለህ ቆየህና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «አሁን ምንድን ነው የማደርገው?» አልኸኝ። መረቅሁህና ስልኩን ዘጋሁት። ለጥያቄህ ግን መልስ አልሰጠሁህም፤ እርሱኑ ሳሰላስል ነጋብኝ።

ወደ አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ። አምስት ልጆች ወልጄ አሳድጌአለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ወንድ የለም። እኔም አባቴን አልጠየቅሁትም። በእኛ ጊዜ መውለድና ማጥባት የሴት፣ ስም ማውጣትና መቅጣት የወንድ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም መንገድ አባት አልባ ነበር። ስለዚህ የምጽፍልህ ያወቅሁትን ብቻ አይደለም፤ ያጠፋሁትንም ጭምር ነው። በቁጥር ያስቀመጥሁት በቀላሉ እንድታስታውሰው ብዬ ነው።

፩. ከበሩ ውጭ አትቁም

የመጀመሪያ ልጄ የተወለደው በኅዳር 1970 ዓ.ም አምባ ጊዮርጊስ ሳስተምር ነው። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ ቀይ ሽብር ጎንደርን ያስለቀሰበት፣ እናቶች በር በተንኳኳ ቁጥር ልጆቻቸውን የሚቆጥሩበት ጊዜ። ባለቤቴ ምጥ ሲይዛት ሴቶቹ ገቡ፤ እኔ ወጣሁ። ከድንጋይ ካቡ ሥር ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥሁ። ከውስጥ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ ይሰማኛል። ሌሊቱን ውርጭ ሲወርድብኝ አደረ። ሲነጋጋ እልልታው መጣ። በእኛ አገር ለወንድ ይበዛል፣ ለሴት ያንሳል። ልጄ ወንድ መሆኑን ያወቅሁት እልልታ ቆጥሬ ነው።

ያኔ ወንድ አራስ ቤት ገብቶ ሕፃን መታቀፉ ነውር ነበር። ከበሩ ላይ ሆኜ አየሁት እንጂ አልነካሁትም። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የክርስትና አባቱ ከካህኑ እጅ ተቀበለው። ሰዉ ሁሉ ሲመርቅ እኔን አንድ ነገር ወጋኝ፤ ይህ ሰው ልጄን ከእኔ ቀድሞ ታቀፈው። አልታቀፍም ብዬ የቀረሁት ግን እኔው ነኝ። እጄን ብዘረጋ ኖሮ ማን ይከለክለኝ ነበር?

ያንተ ልጅ የተወለደችው ጎንደር ውስጥ፣ በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ በተጀመረው፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በሆነው ግቢ ነው። ከዚያ የወጡ የጤና መኮንኖችና ነርሶች በየገጠሩ ወርደው ብዙ እናት ከሞት አፋፍ መልሰዋል። የእነርሱ ድርሻ እስከ ቤታችሁ በር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ያንተ ነው። ቤት ስትገቡ እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ ቁጭ በል፣ ራሷን በክንድህ ደግፈህ ታቀፋት። እጅህ መንቀጥቀጡ አይቀርም። ፍርሃቱ የሚለቅህ ደጋግመህ ስትታቀፋት ነው።

፪. አራሷ ትቅደም

ጠያቂው ሁሉ ወደ ሕፃኗ ያጎነብሳል። አንተ ዓይንህን ከእናቷ ላይ አትንቀል። ደም ፈሷታል፣ እንቅልፍ አጥታለች፣ ገላዋ ገና አልጠገገም። የገብስ ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ ሙቅ ውኃውን አማትህ መጥተው እስኪያሰናዱ አትጠብቅ። ገንፎ ማገንፋት ተማር፤ ውኃው ሲፈላ ዱቄቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመርህ እንዳይጓጉል አጥብቀህ ታማስለዋለህ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። አራስ እንደማትጾም ታውቃለህ። ከአራስነቱ በኋላ ስላለው ጾም ንስሐ አባታችሁን አብራችሁ ጠይቁ፤ እርሷ አፍራ ዝም እንዳትል አንተ ጥያቄውን አንሣው።

ጠያቂ በፍቅር ይመጣል፤ ሲበዛ ግን አራስን ያደክማል። በሩ ላይ ሆነህ ማስተናገድ ያንተ ሥራ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ሕፃኗን አይሳማት። «ትንሽ ትረፍ፣ ተኝታለች» ለማለት አትፈር።

አሁን የምነግርህን ግን በወረቀት ጽፈህ ግድግዳ ላይ ለጥፈው። ከልክ ያለፈ ደም ከፈሰሳት፣ ትኩሳት ከያዛት፣ ራሷን አጥብቆ አሟት ዓይኗ ብዥ ካለ፣ ካንዘፈዘፋት፣ ፈሳሹ መጥፎ ሽታ ካመጣ አትዘግይ። አደጋው የሚበረታው በመጀመሪያው ቀንና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የጃናሞራና የበየዳ ሰዎች ምጥ የጠናባትን ሴት በወሳንሳ ተሸክመው፣ በየተራ ትከሻ እየተለዋወጡ፣ ገደሉን ወጥተው ሐኪም ዘንድ ያደርሱ ነበር። ባለፉት የጦርነት ዓመታትም መንገድ ተዘግቶ ስንቱ ተጨንቋል። አንተ ሆስፒታሉ በቅርብህ ነው። ሌሊት የሚነሣልህን የባለባጃጅ ስልክ ዛሬውኑ ያዝ።

ደግሞም ልቧን ጠብቅ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ምክንያት ብታለቅስ ብዙ እናትን የሚያገኛት ነው፤ ከጎኗ ሁን። ሁለት ሳምንት አልፎት እንባው ካልደረቀ፣ ልጇን ማየት ከጠላች፣ ወይም መኖር እንደሰለቻት ከተናገረች ግን ሐኪም ዘንድ ውሰዳት። ጠበሉን አልከለክልህም፤ እኔም እወስዳታለሁ። ጠበሉም ሐኪሙም የእግዚአብሔር እጅ ናቸው፤ አንዱን ይዘህ ሌላውን አትጣል።

፫. እንገሩን ለልጅቷ ተውላት

የመጀመሪያው የጡት ወተት ወፍራምና ቢጫ ነው። እንገር የምንለው ነው። አያቶቻችን «ሆድ ያማል» ብለው ያስጥሉት ነበር። ጥጃው እንገሩን ካልጠባ እንደማይጸና የሚያውቅ ገበሬ ከገዛ ልጁ አፍ ሲነጥቀው ኖረ። ሕፃኗን ከበሽታ የሚጠብቃት የመጀመሪያው መከላከያ እርሱ ነው፤ ጠብታው እንዳይፈስባት። ከዚያም ስድስት ወር እስኪሞላት ከእናቷ ጡት ሌላ ምንም አያስፈልጋትም፤ ውኃም ቢሆን።

አማትህ ለጋ ቅቤ ይዘው ይመጡ ይሆናል፤ አንጀት ያለሰልሳል ብለው ሕፃን ማስዋጥ የቆየ ልማድ ነው። ፊት ለፊት አትከራከራቸው። እርሳቸው ይህችን የምትወዳትን ሴት ያሳደጉልህ ናቸው። «እማማ፣ ቅቤውን ለእናቷ ገንፎ ያድርጉልን፤ በጡቷ በኩል ለልጅቷም ይደርሳታል» በላቸው። እንዲህ ብትላቸው ቅቤውም አይባክንም፣ እርሳቸውም አያዝኑም።

በሦስት ነገር ግን አትደራደር። እትብቷ ላይ ቅቤም ሆነ እበት አይቀባ፤ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ በራሱ ይውደቅ። ጉሮሮዋን ሲያማት እንጥሏን የሚቆርጥ አይምጣ። ተቅማጥ ሲይዛት «የወተት ጥርስ ነው» ብሎ ድዷን የሚፈለቅቅም እንዲሁ። በዚህ ምክንያት ደማቸው ፈሶ፣ ቁስላቸው አመርቅዞ የሞቱ የጎረቤት ልጆችን ቀብሬአለሁ። ቆራጮቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አባቶቹም ልጆቻቸውን ይወዱ ነበር። ዝም ማለታቸው ነው ልጆቹን ያሳጣቸው።

፬. ብርዱን ዕወቀው

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ያልፋል፤ ደባርቅ ወደ 3000 ይጠጋል፤ ከዚያ ወዲያ ስሜን ነው። እኛ ደገኞች ብርዱን ስለለመድነው እንንቀዋለን። ገና የተወለደ ሕፃን ግን እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም። ሙቀቱ በጭንቅላቱ በኩል ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ገላዋን አትታጠብ፤ ቆብ አይለያት፤ ጨርቋ ሲረጥብ ወዲያው ይቀየር።

አሁን ስለ ሦስተኛዋ ልጄ ልንገርህ። ጥር 1979 ዓ.ም ነው፤ ደባርቅ ነበርን። ወሯ ሳይሞላ መጣች። እንደ ጫጩት ትንሽ ነበረች። እናቷን ትኩሳት ጥሏታል፤ ሕፃኗ ጡት መሳብ አቅቷታል። እግሯን ስነካው እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እናቴ ከገጠር መጥታ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ «ውጣ» ብለው ካስወጡኝ ሴቶች አንዷ እርሷ ነበረች። ሕፃኗን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ «ሸሚዝህን አውልቅ» አለችኝ።

አወለቅሁ። ሕፃኗን ራቁቷን ደረቴ ላይ አጋደመችልኝ፤ ራሷ ላይ ቆብ አጠለቀችላት፤ አራት እጥፉን ጋቢ ከላይ አለበሰችን። «እንዳትነሣ» ብላኝ ሄደች። ተደግፌ አደርሁ። ልቧ እንደ ወፍ ልብ ደረቴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። እናቴ ከባለቤቴ ጡት እያለበች በማንኪያ ጠብ ታደርግላታለች፤ እኔ ደግሞ ትንፋሿን እቆጥራለሁ። ሦስት ሌሊት እንዲህ አደርን። ተማሪዎቼን ሌላ መምህር ያዘልኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እግሯ ሞቀ፤ ከሰዓት በኋላ ጡት ሳበች። እናቴ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ እኔ ከጋቢው ሥር አለቀስሁ።

ልጅ ከወለድሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። አባት የሆንሁት ግን በዚያች ሌሊት ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ የጤና ባለሙያ የሆነ የቀድሞ ተማሪዬ አንድ ነገር አጫወተኝ። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ የመጀመሪያ ልጄ በተወለደ በዓመቱ፣ በፈረንጆች 1978 መሆኑ ነው፣ ሐኪሞች የሕፃናት ማሞቂያ መሣሪያ ቢያንሳቸው ያለ ወራቸው የተወለዱትን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ማሳደር ጀመሩ። የካንጋሮ እንክብካቤ ይሉታል። ዛሬ በዓለም ሁሉ፣ በእኛም ሆስፒታሎች ይሠራበታል። አባትም ይችለዋል። እናቴ ማንበብ አታውቅም ነበር፤ ብርድን ግን ታውቅ ነበር።

ያንተ ልጅ በወሯ የመጣች፣ ደኅና ኪሎ ያላት ናት። እርሷንም ቢሆን በቀን አንድ ጊዜ ከጋቢህ ሥር ደረትህ ላይ አስተኛት። እናቷ በዚያች ሰዓት ትተኛ፤ አንተ ግን ነቅተህ ያዛት፤ እንቅልፍ ሲጥልህ ወደ መኝታዋ መልሳት። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ። ከሰል አቀጣጥለህ በር ዘግታችሁ አትተኙ። የከሰሉ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ በብርድ ወራት ቤተሰብ ሙሉ ተኝቶ ሳይነሣ ይቀራል።

፭. ሌሊት ስታለቅስ

ታለቅሳለች። አንዳንድ ሌሊት ጠብታም፣ ደርቃም፣ ሞቃትም ታለቅሳለች። መጀመሪያ መርምራት፦ ርቧት ይሆን? ረጥባ ይሆን? በርዷት ወይስ ከልክ በላይ ተጀቡና? ከዚያ ትከሻህ ላይ አድርገህ ጀርባዋን ቀስ እያልህ መታ መታ አድርግላት፤ ተንጎራደድ፤ እሹሩሩ በላት። እሹሩሩ ለሴት ብቻ የተሠራ ዜማ አይደለም። ሕፃን የአባቱን ወፍራም ድምፅ በደረቱ በኩል ይሰማዋል፤ ያረጋጋዋልም።

ቁጣ ይመጣብህ ይሆናል። ይህን ማንም አይነግርህም፤ እኔ ግን እነግርሃለሁ፤ እኔም መጥቶብኛል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ነገ ሥራ አለ፣ ልቅሶው አይቆምም፣ እጅህ ውስጥ የማታውቀው ኃይል ይነሣል። በዚያች ቅጽበት ሕፃኗን በጀርባዋ መኝታዋ ላይ አስተኝተህ ውጣ። ደጅ ቁም፤ አየር ሳብ፤ ልብህ ሲመለስ ግባ። ታለቅስ፤ ለጥቂት ደቂቃ ልቅሶ አይገድላትም። ሕፃንን ማናወጥ ግን ይገድላል፤ አንጎሏ ገና ለጋ ነው፣ አንገቷም አልጸናም።

ልቅሶዋ ተለውጦ እንደ ማቃሰት ከሆነ፣ ጡት እንቢ ካለች፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ገላዋ ከተቃጠለ ወይም ከቀዘቀዘ፣ መዳፏና የውስጥ እግሯ ቢጫ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ነው።

፮. ፈቃድህን ውሰድ

በግል ድርጅት የምትሠራ ስለሆንህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጥሃል። ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ ለአባት አሥር የሥራ ቀን ደንግጎ ነበር። ሦስት ቀን ያንሳል። ቢያንስም «ወንድ ልጅ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል» ለሚልህ አትተውለት። የዓመት ፈቃድህን ቀጥልበት፤ ለመዝናኛ ከምታስቀምጠው አሁን ይጠቅምሃል።

ሦስቱን ቀን ደግሞ እንግዳ በመሸኘት አትጨርሰው። ልብስ እጠብ፤ ውኃ ቅዳ፤ ገበያ ውረድ፤ ምግብ ሥራ። ከዚያም ሥራ ስትገባ ማታ ማታ ቶሎ ተመለስ። ጓደኞችህ ፒያሳ ይጠብቁሃል፤ ይጠብቁ፤ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ናቸው።

ፈቃድ የሚባል የማያውቁ አባቶች እንዳሉም አትርሳ። የወገራና የዳባት ጎበዝ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ወደ ሁመራና መተማ ወርዶ ወራት ይቆያል፤ ሲመለስ ልጁ አያውቀውም። የሚያርሰው ደግሞ ልጅ ተወለደለት ተብሎ እርሻው አይቆምለትም። ለእርሱ ሕጉ ጎረቤቱ ነው። ደቦ ወጥተው መሬቱን አርሰውለት፣ እርሱ ከሚስቱ ጎን እንዲውል ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ። አንተም መሥሪያ ቤትህ ውስጥ ልጅ የሚወለድለት ጓደኛ ሲኖርህ ሥራውን ያዝለት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

፯. ወረቀቱንና ክትባቱን አንተ ያዝ

እኔ የተወለድሁበትን ቀን የሚያውቅ የለም። እናቴ «ገብስ ሲታጨድ ነው» ትል ነበር፤ ከጃንሆይ ኢዮቤልዩ በፊት ይሁን በኋላ ግን እርግጠኛ አልነበረችም። ጡረታ ስወጣ ወረቀት ላይ ያለው ዕድሜዬና የሥራ ዘመኔ አልገጥም ብሎ ስንት ወር ተመላልሻለሁ። ልጅህ እንዲህ አትንከራተት። በ2004 ዓ.ም የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ከሆስፒታሉ የተሰጠህን ማስረጃ ይዘህ ቀበሌ ሂድ። እናቷ አራስ ናትና ይህ ለአንተ የተተወ ሥራ ነው።

የክትባት ካርዷንም አንተ ያዘው። እንደተወለደች የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ አለ፤ ከዚያ በስድስተኛው፣ በአሥረኛው፣ በአሥራ አራተኛው ሳምንት፤ የኩፍኙ በዘጠነኛው ወር፣ ድጋሚው በአሥራ አምስተኛው ወር። ቀኖቹን ስልክህ ላይ መዝግብ። ስትከተብ አብረህ ሂድ፤ ስታለቅስ አንተ ያዛት። ልጅ እያለሁ ኩፍኝ በገባበት መንደር ሕፃናት ተደራርበው ይሞቱ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች በእግራቸው ተራራ እየወጡ፣ ቤት ለቤት እየመከሩ፣ ያንን ልቅሶ ቀንሰውልናል። ለልጅህ ክትባት ከቤትህ ጤና ጣቢያ ድረስ መሄድ ለእነርሱም ምስጋና ነው።

፰. ሴት ልጅ ናትና

እልልታው አንሶብህ ይሆናል። አንድ ሁለት ሰው «ቀጣዩ ወንድ ይሆናል» እያለ ሊያጽናናህ ይሞክራል። እንደ ሐዘንተኛ ጎንበስ ብለህ አትቀበል። «የምፈልጋትን ሰጥቶኛል» በል፤ እናቷ በምትሰማበት በል።

የምትኖርባት ከተማ ሴት መርታት የምታውቅ ከተማ ናት። ዐፄ በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነበርና እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ ጭነው አገር አስተዳድረዋል። ያሠሩት የቁስቋም ቤተ ክርስቲያንና ግቢ ከከተማው ወጣ ብሎ ዛሬም ቆሟል። ልጅህ ስታድግ እጇን ይዘህ ውሰዳት፤ ግንቡን ታሳያታለህ።

በአያቶችህ ዘመን ሴት ልጅ በአንቀልባ ላይ እያለች ትታጭ ነበር፤ አባቶች በጠላ ቤት ቃል ይለዋወጡባት ነበር። ዛሬ ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት ይከለክላል፤ ልማዱ ግን በየጥጋጥጉ አለ። ስለዚህ ከአሁኑ፣ ገና እቅፍህ ውስጥ እያለች፣ ለራስህ ቃል ግባ፤ ትማራለች፣ የምታገባውን ራሷ ትመርጣለች።

ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው። ደስ ይበልህ፣ ጎረቤት ጥራ፣ እንጀራህን አብረህ ብላ። ድግሱን ለማሳመር ግን አትበደር። ከክርስትናዋ ማግስት ጀምሮ ለወተት፣ ለሐኪምና ለልብስ የሚያስፈልገውን በበሬ ሥጋ አትጨርሰው።

፱. ፍቅርህን አትደብቅ

እኛ የደጋ ሰዎች ፍቅራችንን እንደ ዘር እህል ጎታ ውስጥ እንደብቃለን። አባቴ ይወደኝ ነበር፤ ትምህርት ቤት እንድገባ በሬውን የሸጠ ሰው ነው። ግን አንድ ቀን ስሞኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ ከዳባት ገበያ ስንመለስ በረዶ ያዘንና ጋቢውን ገልጦ ከጎኑ ወሸቀኝ። የላብና የጢስ ሽታውን ዛሬም አውቀዋለሁ። ከእርሱ ከወረስሁት ሁሉ እጅግ የምወደው ያን ነው። እንደገና እንዲያደርገው ብዬ ስንት ጊዜ ዝናብ ተመኝቻለሁ።

ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጄ ከአሜሪካ ደወለ። ዘግይቶ ነው ያገባው፤ የወር ልጅ ደረቱ ላይ ታቅፎ እየተንጎራደደ ነበር። «አባዬ፣ እኔን እንዲህ ታቅፈኸኝ ታውቃለህ?» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲሁ ናፍቆት ነው። አርባ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው ነው። መዋሸት እችል ነበር። እውነቱን ነገርሁት። «አላቀፍሁህም ልጄ፤ ነውር መስሎኝ ነበር። ይቅር በለኝ» አልሁት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲህ እዚህ ና፤ ልጄን ታቅፈህ ትክሰኛለህ» አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያንን የድንጋይ ካብ አስታወስሁ፤ ከበሩ አሥር እርምጃ እንኳ አይርቅም ነበር።

ልጅህ አንድ ቀን ብትጠይቅህ ልትመልስላት የምትችለውን መልስ አሁን እየሠራኸው ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ትድኻለች፣ ትቆማለች፣ ከእቅፍህ ትወርዳለች። በእቅፍህ የምትገባበት ዘመን አጭር ነው። ሳማት። በስሟ ጥራት። ሰው ፊት ታቀፋት፤ ሌላውም ወንድ አይቶ ይድፈር።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ለአራሷ የወገራ ገብስ ዱቄትና ለጋ ቅቤ ይዣለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ስገባ ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኝተህ፣ ሴቶቹ ያንሷት ብለህ ከበሩ እንዳትቀበለኝ። ከጋቢህ ሥር ይዘሃት ተቀምጠህ ላግኝህ። እኔም ልቀበላት የምፈልገው ከአባቷ እጅ ነው።

እደጊ ተመንደጊ በልልኝ። እንደ ዋርካ ትስፋ፣ ለወገን ጥላ ትሁን። ለእናቷ ጤና፣ ላንተ ትዕግሥት ይስጥህ። አሜን።

አጎትህ፣
ከጎንደር